ሰፈር ውስጥ የሚያስቅ ልጅ አዳራሽ ሲገባ ለምን ይደርቃል?

ጥያቄው፦ «ፒያሳ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ሰፈር ውስጥ በተረበኝነት ነው የምታወቀው፤ ጓደኞቼ እኔ ካለሁ ሆዳቸውን ይዘው ነው የሚስቁት። ባለፈው የአጎቴ ልጅ ሠርግ ላይ መድረክ ምራ ተባልኩና ማይክ ያዝኩ። ቀልድ አወራሁ፣ ሰው ጸጥ። አንድ ሁለት ሰው በይሉኝታ ፈገግ አለ፣ በቃ። ለመሆኑ ማሳቅ በተፈጥሮ ነው ወይስ ይማሩታል? የቀልድ ዓይነቱስ ስንት ነው፣ እኔስ የትኛውን ልያዝ? ደግሞ ስናገር ልሳቅ ወይስ ኮስተር ልበል? ጥር ላይ ሌላ ሠርግ አለብኝ። የተናገርኩትን አንዱን ቀልድ ከታች ጽፌዋለሁ።»

ወንድሜ፣ አይዞህ። ማይክ ይዞ የደረቀ ሰው አንተ የመጀመሪያው አይደለህም። መድረክ ላይ ብዙ ቆይቻለሁ፣ አሁን ደግሞ ወጣት ተዋንያንና ኮሜዲያን አለማምዳለሁ፤ ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ ያንተው ነው። ሰፈሩን በሳቅ የሚያፈርስ ልጅ አዳራሽ ሲገባ ምላሱ ይተሳሰራል። ችሎታ ስለሌለው ነው ብዬ አላምንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓደኞችህ ሲስቁ ግማሹን ሥራ የሚሠሩልህ እነሱ ናቸው። «ያ ሰውዬ ደግሞ መጣ» ስትል ሰውዬውን ያውቁታል። አረማመዱን ያውቃሉ፣ አምና ዕድር ላይ የሠራውን ጉድ ያውቃሉ፣ ከማን ጋር እንደተኳረፈ ያውቃሉ። አንተ የምትጨምረው አንዲት ቃል ናት፣ ሳቁ ይፈነዳል። ሠርጉ ላይ ግን የሙሽሪት አክስት ከደብረ ብርሃን ነው የመጡት። ሰውዬውን ከየት ያውቁታል? ስለዚህ መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው ከቀልዱ በፊት አንድ ሥራ አለበት፤ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር መፈለግ፣ ካጣም እዚያው በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ማሳወቅ። ሳቅ የሚመጣው ሰው የጠበቀው ነገር ሲዛባ ነው። ምንም ያልጠበቀ ሰው ምን ይዛባበታል?

ፈላስፎቹ በዚህ ብዙ ተከራክረዋል። እንግሊዛዊው ሆብስ እ.ኤ.አ. በ1651 ሰው የሚስቀው ድንገት ከሌላው የበለጠ ሲመስለው ነው ብሎ ጻፈ። ካንት በ1790 የተወጠረ ጉጉት ድንገት ባዶ ሲሆን ነው አለ። ፍሮይድ በ1905 የታፈነ ነገር መተንፈሻ ሲያገኝ ነው አለ። ሦስቱም ልክ ናቸው፣ ግን ጥር ላይ ማይክ ስትይዝ አንዳቸውም አይደርሱልህም። ለኛ ሥራ ይበልጥ የሚጠቅመው የአሜሪካዊው ተመራማሪ የሮበርት ፕሮቫይን ሥራ ነው። ሰውዬው ሰዎች በየገበያ ማዕከሉና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲያወሩ እያዳመጠ መቼ እንደሚስቁ መዘገበ። ያገኘው ምንድነው? ሰው ከሰው ጋር ሲሆን ብቻውን ካለበት ጊዜ ወደ 30 እጥፍ ይስቃል። ከሳቁ በፊት የተባለው ነገር ደግሞ አብዛኛው ቀልድ እንኳ አይደለም፣ «እሺ በቃ እንገናኝ» ዓይነት ተራ ወሬ ነው። ሳቅ መጀመሪያ መቀራረብ ነው ማለት ነው።

እስቲ አሁን የነበርክበትን አዳራሽ አስበው። ክብ ጠረጴዛዎች፣ ግማሹ ሰው ጀርባውን ለመድረኩ ሰጥቶ፣ ቡፌው እየተደረደረ፣ የድምፅ ማጉያው እያስተጋባ፣ ፊት ለፊት ያለው ቦታ ለጭፈራ ተብሎ ባዶ። ሳቅ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚጋባው ትከሻ ለትከሻ ሲሆን ነው። ብሔራዊ ቴአትር ወይም ሀገር ፍቅር ገብተህ አይተህ ከሆነ ወንበሩ ተጠጋግቶ ነው የተደረደረው፣ መብራቱም ይጠፋል፤ ጨለማ ውስጥ ሰው ማን እያየኝ ነው ብሎ አይጨነቅም። የሠርግ አዳራሽ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሌላም አለ፣ የኛ ሰው ከመሳቁ በፊት የተከበረውን ሰው ፊት ያያል። የሙሽራው አባት ኮስተር ካሉ ጠረጴዛው በሙሉ ኮስተር ነው። እሳቸው ከሳቁ አለቀ። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ቀልድህ ለእሳቸው ትሁን። በእሳቸው ላይ አላልኩም፣ ለእሳቸው። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

የቀልድ ዓይነት ስንት ነው ላልከው ቁጥር አልሰጥህም፣ የሚቆጥር ሰው ሁሉ የየራሱን ነው የሚቆጥረው። የምናውቃቸውን ግን ላንሳልህ።

ካንተው ልጀምር፣ ከተረብ። ተረብ የአዲስ አበባ ልጅ የእጅ ሥራ ነው፣ መርካቶም ፒያሳም የራሳቸው አላቸው። ሁለት ሰው ይፋጠጣል፣ አንዱ የሌላውን ጫማ ይነካል፣ ሌላው የአንደኛውን ፀጉር፣ ተመልካቹ ዙሪያውን ከቦ ያዳንቃል። ፍጥነት ይጠይቃል፣ ጥርት ያለ ዓይንም ይጠይቃል። ጉልበቱ ግን ከሁለቱ እኩልነት ነው የሚመጣው። የተተረበው መልሶ መተረብ አለበት። አዳራሽ ውስጥ ማይኩ ያለው አንተ ጋ ብቻ ነው፣ ሌላው ሰው መልስ መስጠት አይችልም፤ ስለዚህ ያው ሰፈር ያሳቀው ተረብ እዚያ ማጥቃት ይመስላል። ለዚህ ነው ሥራውን የሚያውቅ ኮሜዲያን መድረክ ሲወጣ መጀመሪያ ራሱን የሚተርበው። ራሱ ላይ ሙድ ከያዘ በኋላ ሰው ይፈቅድለታል። ከዚያም ቢሆን ከሱ በላይ ያለውን ነው የሚነካው። አስተናጋጇንና ጥግ ላይ ያለውን ዝምተኛ ልጅ የሚነካ ሰው ሳቅ ቢያገኝም ሳቁ ይጎመዝዛል።

የቃላት ጨዋታው ደግሞ ከቤተ ክህነት የመጣ ሀብታችን ነው። ሰምና ወርቅ እየሰማ ያደገ አድማጭ ከአንድ ቃል ሥር ሌላ ቃል መፈለግ ለምዷል። አለቃ ገብረሐና ሊቅ ነበሩ፣ የአቋቋም፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ዝማሬና ሽብሸባ ሰው፤ ሕዝቡ ግን ከሁሉ በላይ በቀልዳቸው ያስታውሳቸዋል። በስማቸው የሚነገረው ሁሉ የሳቸው ነው ማለት ከባድ ነው፣ ሰው ጥሩ ቀልድ ሲያገኝ ባለቤት ይፈልግለታል። አንዱን ተመልከት። አለቃ መንገድ ላይ አንድ አህያ የሚነዳ ሰው ያገኙና ሰላምታ ይሰጡታል ይባላል፤ «እንደምን ዋላችሁ?» አለቀ። ሰውዬው ብቻውን ነው። አህያዋን አለቃ አልጠሯትም፣ አንተ ነህ በልብህ የቆጠርካት። ከዚህ በላይ አጭር ቀልድ አላውቅም። ቀልዱን የጨረሰው አድማጩ ነው፣ የሳቀውም ስለጨረሰው ነው። አለቃ «አንተም አህያህም እንዴት ዋላችሁ» ቢሉ ኖሮ ስድብ ብቻ ይሆን ነበር።

አዝማሪም ከዚሁ ሰፈር ነው። ካዛንቺስ ሳይፈርስ በፊት አዝማሪ ቤት ከገባህ ታውቀዋለህ። ማሲንቆውን እየገዘገዘ ጠረጴዛህ ድረስ ይመጣል፣ ኮትህን ያያል፣ አብራህ ያለችውን ያያል፣ ስምህን ይጠይቃል፣ ከዚያ ሲያሞግስህ ይሁን ሲነካህ ሳይለይ ቤቱ ይስቃል። አንተም «ተቀበል!» ብለህ ግጥም ትሰጠዋለህ። ዛሬ ውጭ አገር ያሉ ኮሜዲያን ከፊት ወንበር የተቀመጠውን ሰው «ምን ትሠራለህ?» እያሉ የሚሠሩት ነገር ይኸው ነው፣ አዝማሪው ግን በዜማና በቤት መምቻ ነው የሚያደርገው። ከሱ የምትማረው አንድ ነገር አለ፤ ከመናገሩ በፊት ያያል። አንተ ማይክ ስትይዝ ያየኸው ስልክህ ላይ የጻፍከውን ነው።

ማስመሰልን ብዙ ሰው ቀላል ያደርገዋል። የታወቀ ሰው ድምፅ ኮፒ ስታደርግ ሰው ገና ቀልዱ ሳይመጣ ይስቃል፣ ስላወቀው ብቻ። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ቤርግሶን ሰው የሚያስቀው እንደ ማሽን ሲሆን ነው ይላል፤ ሳያስበው የሚደጋግመው ነገር ማለቱ ነው። «እንግዲህ» ሳይል ዓረፍተ ነገር የማይጀምር መምህር ነበራችሁ? እሱን ነው የምትይዘው። ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በካሴትና በቪሲዲው ዘመን ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው አነጋገር ማስመሰል የከተማው ኮሜዲ ዋና እንጀራ ነበር። ሳቁም ከልብ ነበር፣ አልክድም። ዛሬ ግን ያን ይዘህ መድረክ ባትወጣ እመክርሃለሁ። የቀልዱ መነሻ ሰውዬው የሚያደርገው ነገር ከሆነ ይሁን፣ ከየት እንደመጣ ብቻ ከሆነ ተወው፤ ያስቀይማል፣ ደግሞም የተበላ ዕቁብ ነው።

አካል ብቻውን ያስቃል። ቻፕሊን እ.ኤ.አ. በ1925ቱ ፊልሙ የገዛ ጫማውን ቀቅሎ ሲበላ የሚያስቀን መብላቱ አይደለም፣ እንደ ጨዋ ሰው ማሰሪያውን እንደ ፓስታ እየጠቀለለ ሚስማሩን እንደ አጥንት መምጠጡ ነው። ሚስተር ቢን ቋንቋ ሳያስፈልገው አዲስ አበባ ድረስ የገባው በዚሁ ነው። የኛዎቹም ቢሆኑ በዚህ የታወቁ ናቸው። አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሳህሉ፣ ቴሌቪዥናችን በ1957 ዓ.ም. ከጀመረ በኋላ በልጆች ጊዜ አገር ያወቃቸው ሰው፣ ከዚያ በፊት ሴት ተዋናይ መድረክ ላይ ባልነበረችበት ጊዜ የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ ነበር። ድምፅን፣ ትከሻን፣ አቀማመጥን መለወጥ ነው። ተረት ሲነግሩን ፊታቸው ግማሹን ታሪክ ይተርክ ነበር።

ጥንድ ሆኖ መሥራት ለጀማሪ ጥሩ መንገድ ነው። አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰን፣ ደረጄ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩን አስብ። ጥንድ ሲሆኑ አንዱ ኮስታራ፣ ሌላው ነገር አበላሺ ይሆናል። ሰው የሚያስታውሰው አበላሺውን ነው፣ ከባዱን ሥራ የሚሠራው ግን ኮስታራው ነው። እሱ የኛ ወኪል ነው፤ እኛ «ምን ማለትህ ነው?» ልንል ስንል እሱ ይልልናል። የሠርጉን መድረክ ከአንድ ሚዜ ጋር ብትመራው ግማሹ ፍርሃትህ ይለቃል።

ምጸትና ስላቅን ለሠርግ አልመክርህም፣ ግን አገራችን ውስጥ ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ሳላነሳው አላልፍም። የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር ራሱ የአውሬዎች ኮሜዲ ነበር። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በአውሬ ስም የሹማምንቱን ነገር አሳዩበት፣ ታገደም። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ «ምን ልታዘዝ» በቴሌቪዥን መጣ፤ አንድ ካፌ፣ ባለቤትና አስተናጋጆች፣ ተመልካቹ ግን ካፌውን አገር አድርጎ ነው ያየው። አየህ፣ አሁንም ማንም «ይህ እገሌ ነው» አላለም። የጨረሰው ተመልካቹ ነው።

ወደ ቀልድህ እንምጣ። እንዲህ ብለህ ነው የጻፍከው፦ «ባለፈው በጣም የሚያስቅ ነገር ገጠመኝ። ከሜክሲኮ ፒያሳ ታክሲ ይዤ፣ ታክሲው ሞልቶ፣ ረዳቱ ጠጋ በሉ ሲል አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ከዚህ በላይማ ከተጠጋሁ ሽማግሌ ይላክ ብለው መለሱለትና ሁላችንም በሳቅ ሞትን።»

ቀልዱ ቆንጆ ነው! ስማኝ፣ ቀልዱ ምንም አልሆነም። ታክሲውን ሁሉም ያውቀዋል፣ ጠጋ በሉን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሽማግሌ መላክን ሠርግ ላይ ያለ ሰው በደንብ ያውቀዋል። ያበላሸኸው አቀራረቡን ነው። «በጣም የሚያስቅ» ብለህ ጀመርክ፣ ሰው እስቲ እናያለን ብሎ እጁን አጣመረ። እናትየውን አላሳየኸንም። ረዳቱ አንዴ ብቻ ነው የጠየቀው። ትልቁ ችግር ግን መጨረሻው ነው። አማርኛ ግሱን ወደ ኋላ ያደርጋል፣ «አሉት» የሚመጣው ከተባለው ነገር በኋላ ነው። ስለዚህ ሳቁ «ይላክ» ላይ ሊፈነዳ ሲል አንተ «ብለው መለሱለትና ሁላችንም…» እያልክ በላዩ ሄድክበት። ሰው ጨዋ ነው፣ ንግግርህን እስክትጨርስ ጠበቀህ። ስትጨርስ ሳቁ የለም።

መላው የቆየ ነው፣ አያቶቻችን ሲያወሩ ሰምተኸዋል፤ «ምን ቢሉት ጥሩ ነው?» ይህች አባባል «አሉት»ን ከኋላ አንስታ ከፊት ታስቀምጥልሃለች። ጉጉቱንም ትወጥራለች። ከሷ በኋላ የሚመጣው የቀልዱ ቃል ብቻ ነው፣ ከቃሉ በኋላ ዝምታ። እስቲ እንዲህ ሞክረው፦

«ከሜክሲኮ ፒያሳ። ኋላ ወንበር ተጣብቀን ተቀምጠናል። አጠገቤ አንዲት እናት አሉ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቅዳሴ ላይ ያሉ ይመስል ጸጥ ብለዋል። ከእሳቸው ቀጥሎ አንድ ጎረምሳ። ረዳቱ ‹ኋላ ጠጋ በሉ!› አለ። ተጠጋን። ‹ጠጋ በሉ እንጂ!› ተጠጋን። ‹እማማ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉለት!› እማማ ቀና አሉ። ጎረምሳውን አዩት። ረዳቱን አዩት። ምን ቢሉት ጥሩ ነው? ‹ከዚህ በላይማ… ሽማግሌ ይላክ!›»

ሁለት ጊዜ «ተጠጋን» ያልኩት በከንቱ አይደለም። አንዴ ሲሆን ወሬ ነው፣ ሁለቴ ሲሆን ልማድ ይሆናል፣ ሰው ሦስተኛውንም ያው ነው ብሎ ይጠብቃል። ሦስተኛው ላይ ነው የምትሰብረው። አራት ካደረግከው ይሰለቻል። «ጎረምሳውን አዩት፣ ረዳቱን አዩት» ስትል አንተም ቀኝና ግራ እይ፣ በዝግታ። «ከዚህ በላይማ» ብለህ ቁም። ያቺ ፋታ ታስፈራለች፣ ግን አትሙላት። ከዚያ «ይላክ» ብለህ አፍህን ዝጋ። ሳቁ ሲመጣ በላዩ አትናገር፣ መቀነስ ሲጀምር ቀጥል፤ ካልመጣም ምንም እንዳልተፈጠረ ወደሚቀጥለው እለፍ። «አልገባችሁም እንዴ?» ብለህ እንዳታስረዳ አደራ።

ገና አልጨረስክባትም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ኬክ ሲቆረስ ፎቶ አንሺው ሙሽሮቹን «ጠጋ በሉ» ማለቱ አይቀርም። ያኔ ማይኩን አንሳና «ለእነሱስ ይፈቀዳል፣ ሽማግሌ ልከዋል» በል። ይህ ከመጀመሪያው የበለጠ ነው የሚያስቀው። ለምን? አሁን አዳራሹ አንተና ጓደኞችህ ያላችሁ ዓይነት የጋራ ወሬ አለው። ከደብረ ብርሃን የመጡት አክስት እንኳ ያውቁታል።

በተፈጥሮ ነው ወይስ ይማሩታል ላልከው፣ ጆሮው በተፈጥሮ ይመጣል፣ የቀረው ሥራ ነው። ጆሮ እንዳለህ ከጻፍከው አይቻለሁ፤ የእማማን ንግግር ሰምተህ ለይተህ ይዘኸዋል፣ ታክሲው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ግን ስቆ ወርዶ ረስቶታል። ስለዚህ እስከ ጥር ድረስ አዲስ ቀልድ አትፈልግ። ይህችኑ ለማያውቁህ ሰዎች ተናገራት፣ ለፀጉር አስተካካይህ፣ ለሥራ ባልደረባህ፣ ለአክስትህ። በስልክህ ቅዳው። ስታዳምጠው ሳቁ የት ላይ እንደመጣ ብቻ ስማ። ከሳቁ በኋላ የተናገርከውን ቃል ሁሉ አውጣ፣ ከሳቁ በፊት ካለውም ቢቀር የማይጎድል ነገር ካለ አውጣ። ከኢንተርኔት ያገኘኸውን ቀልድ ግን አትናገር። ግማሹ ሰው ቲክቶክ ላይ አይቶታል፣ ሌላው ግማሽ ደግሞ ያየው ሰው ፊት ላይ ያነበዋል።

ስለ ሙሽሮቹ ከተናገርክ አስቀድመህ ጠይቃቸው፤ የቀድሞ ፍቅረኛ፣ የጥሎሽ ነገር፣ የሁለቱ ቤተሰቦች ኑሮ፣ እነዚህ አይነኩም። ምግብ እየተበላ ደግሞ ቀልድ አይወራም፣ ሙዚቃ ክፈትላቸው።

ልሳቅ ወይስ ኮስተር ልበል ብለሃል። ታክሲዋን ስትናገር ኮስተር በል፣ እማማ ኮስተር ስላሉ ነው የሚያስቀው። ሰው ስቆ ካቃተህ ሳቅ፣ ማንም አይከፋበትም። ቀድመኸው ግን እንዳትስቅ።